ውሻዬን የያዙልኝ ጎረቤት

መርሳ ከተማ ውስጥ ውሻ ያለኝ እኔ ብቻ ይመስል ቢሮ ውስጥ ስለ ውሻዬ አውርቼ አልጠግብም። ስለዚህ የእንስሳት ሐኪሞች ከወልድያ መጥተው ከቤት ውሾችና ድመቶች ደም ወስደው ኮሮና ይዟቸው እንደነበር ሊመረምሩ መሆኑን ስሰማ፣ ማንም ሳይጠይቀኝ «ከእኔ ቤት ጀምሩ» አልኩ። ጉራ ሲያንሰኝ ነው።

የመጣችው ሐኪም ወጣት ናት። በሽታው ከታመመ ሰው ወደሚቀርበው ውሻ ወይም ድመት ሊተላለፍ እንደሚችል፣ ሰውነታቸው ሲከላከል የሚያመነጨው አንቲቦዲ የሚሉት ነገርም ደማቸው ውስጥ እንደሚቆይ አስረዳችኝ። መርፌዋን አዘጋጅታ፣ «እርስዎ ይያዙልኝ፤ የሚያምነው ሰው ሲይዘው አይረበሽም» አለች።

ጠጋ አልኩ። ውሻው ጥርሱን አሳየኝ። «እንግዳ አይቶ ነው» ብዬ ሳቅሁ። ደግሜ ስሞክር አጥሩ ሥር ሄዶ ያላዝን ጀመር። ለካ ካመጣሁት ጀምሮ ዳብሼው አላውቅም፤ ትርፍራፊውን ከሩቅ ወርውሬለት ነው የምገባው።

ከቆርቆሮው አጥር ወዲያ ብቻቸውን የሚኖሩት ጎረቤቴ፣ አንዲት ሙስሊም አሮጊት፣ ድምፁን ሰምተው በበሩ ዞረው ገቡ። «ምን አረጋችሁት?» አሉ። ውሻው ጅራቱን እየቆላ ሄዶ እግራቸው ሥር ተወሸቀ። «ቢስሚላህ። አብሽር፣ አብሽር» እያሉ አንገቱን አቀፉት፣ ደሙም ተቀዳ።

ውሻው እጃቸውን ልሷቸው ስለነበር፣ ለሶላታቸው ሲሉ በአፈርና በውሃ ደጋግመው መታጠብ ነበረባቸው። ውሃውን እኔ አፈሰስኩላቸው። ሐኪሟ ቆማ ታየኛለች። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ከሳምንታት በኋላ ሐኪሟ ደወለች። አንቲቦዲ ተገኝቶበታል። ውሻው ደህና ነው፣ ከማን እንደያዘው ግን ደሙ አይናገርም አለችኝ። «እቤትዎ የታመመ ሰው ነበር?» ስትለኝ፣ «ማንም አልነበረም» አልኳት።

ወሬውን ለጎረቤቴ በአጥሩ ላይ እንደ ቀልድ ነገርኳቸው። እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ።

«አውፍ በለኝ ልጄ፣ ይቅር በለኝ» አሉ። «ክረምት ላይ ክፉ ሳል ጥሎኝ ነበር። ለሰው እንዳይተርፍ ብዬ በሬን ዘጋሁ። እሱ ግን በአጥሩ ሥር ሾልኮ እየመጣ እግሬ ላይ ይተኛል። ብቻዬን ስሆን ጊዜ ማባረር አቃተኝ። ወላሂ፣ ውሻም ይይዛል ብዬ አላሰብኩም። ያንተን ንብረት በሽታ አስያዝኩብህ።»

ያን ሳል ሰምቼዋለሁ። ክረምቱን ሙሉ በቆርቆሮው በኩል ይመጣ ነበር። እንቅልፍ ስለነሳኝ አልጋዬን ወደ ሌላው ክፍል አዛውሬ ነበር እንጂ፣ አንድ ቀን እንኳን «እንዴት አደሩ?» ብዬ በራቸውን አላንኳኳሁም።

አሁን ዓይናቸው እንባ አቅርሮ፣ ምን እንደምላቸው ይጠብቃሉ።

«ግዴለም፣ እማማ» አልኳቸው፤ ይቅር ባዩ እኔ ሆኜ።