ከሚዛኑ የተነቀለው ገመድ

ሣራ የሚዛኑን ገመድ ነቀለች።

«ኧረ አንቺ ልጅ! ቡናዬ እኮ ገና ላዩ ላይ ነው!» አለ ባየ። ከነገለባው የደረቀ ጀንፈል ቡናውን ለማስመዘን ከማለዳ ጀምሮ የተሰለፈ ገበሬ ነው።

«ጠብቅ» አለው መዛኙ ጌታሁን። ቴፒ አጠገብ ባለው በዚህ የቡና መጋዘን ዕድሜውን ሙሉ ሲመዝን አንድም ቀን ሰልፍ አስቁሞ አያውቅም። ዛሬ አስቆመ። ገመዱን አንገቱ ላይ ጠምጥሞ ወደ ቢሮው ሮጠ። ሣራ ላፕቶፕዋን አቅፋ ተከተለችው። ባየ ተከተለ። ሰልፉም ተከተለ።

ነገሩ የተጀመረው ባለፈው ሳምንት ነው። ቢሮው ወደ አማን ከተማ ሊዛወር ስለሆነ መሸኛ ሻይ ተጠጣ። ጸሐፊዋ ለተብርሃን ከቢሮው ጋር ትሄዳለች፤ ጌታሁን ከመጋዘኑ ጋር ይቀራል። ሁለቱም ትዳር አልያዙም። በሻዩ መሀል ጌታሁን አመለጠው።

«እኔ የዛሬ አሥራ አምስት ዓመት በስልክ ጠይቄሻለሁ። ዝም አልሽኝ። ዝምታሽን አከበርኩ።»

«ምኑን ነው የጠየቅኸኝ?»

«እንድታገቢኝ ነዋ።»

ለተብርሃን ብርጭቆዋን አስቀመጠች። «አቶ ጌታሁን፣ አንተ ደውለህልኝ አታውቅም። ውሸታም ደግሞ አልወድም።»

ጌታሁን የሸካ፣ የጌጫ ልጅ ነው። ውሸታም ከሚባል ቢመታ ይሻለዋል። ሲያወጣ ሲያወርድ ሰንብቶ ቢሮው ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ሳጥን ትዝ አለው። ሳጥኑ ስልክ የሚያነሳ ሲጠፋ የደዋዩን ድምፅ ይቀዳል። መጀመሪያ ግን የለተብርሃንን ድምፅ ያሰማል፦ «ጤና ይስጥልኝ፣ ለተብርሃን ነኝ።» ያን ጊዜ ጌታሁን ይህን ሰምቶ ከራሷ ጋር የተገናኘ መስሎት ነበር።

እሷም ብትሆን የተቀዳውን ሰምታ አታውቅም። የሳጥኑን የምስጢር ቁጥር የያዘው የቀድሞው ሥራ አስኪያጅ ለማንም ሳይናገር አገር ለቋል። ስልኳ ላይ ቀይ መብራት ለዓመታት ሲብለጨለጭ፣ ኤሌክትሪክ መኖሩን የሚያሳይ ይመስላት ነበር።

ነገ ሳጥኑ ተነቅሎ ይጣላል። ስለዚህ ጌታሁን ስልክ ጠጋኟን ሣራን ከአማን አስመጣ። ቁጥሩን በኮምፒውተር ማጥፋት ይቻላል፤ ሳጥኑ ግን አሮጌ ስለሆነ ከኮምፒውተር ጋር የሚነጋገረው ዛሬ ገበያ ላይ በሌለ ወፍራም ገመድ ብቻ ነው። በአካባቢው እንዲህ ያለ ገመድ የነበረው አንድ ዕቃ፣ ክብደቱን በገመድ ለማተሚያ የሚልከው የጌታሁን ሚዛን ነው።

ሣራ ገመዱን ሰካች። የላፕቶፑ ሰሌዳ ጥቁር ሆኖ ቀረ።

«ሞቷል» አለ ባየ በመስኮት።

«አልሞተም። ሳጥኑም ላፕቶፑም በአንድ ሽቦ ይናገራሉ፣ በአንድ ሽቦ ያዳምጣሉ። አፍ ከአፍ ገጥሞ ማን ይሰማል?»

«እንደኛ ዕድር ስብሰባ በያ!»

ሣራ ገመዱን በመቀስ ቆረጠችው። ጌታሁን ጭንቅላቱን ያዘ። የአንዱን አፍ ከሌላው ጆሮ አቋልፋ አሰረች። አሁን ሰሌዳው ላይ ትርጉም የሌለው ምልክት ይንጋጋ ጀመር።

«ይሄ ሸኮኛም አይደለም፣ ቤንችኛም አይደለም» አለ ባየ።

«ፈጥኜበት ነው። ሽማግሌ ስለሆነ ቀስ ብዬ ላናግረው።» ፍጥነቱን ቀነሰች። ፊደሉ ተስተካክሎ መጣ። መስኮቱ ላይ የተደረደረው ሰው ሁሉ አጨበጨበ። ሣራ የምስጢር ቁጥሩን አጠፋችና «እትዬ ለተ፣ ይጫኑት» አለች።

ለተብርሃን የስልኩን ድምፅ ማጉያ ተጫነች።

«ጤና ይስጥልኝ ወይዘሪት ለተብርሃን! ጌታሁን ነኝ፣ ከሚዛን ክፍል። እንዴት ዋልሽ?» ዝምታ። «እግዚአብሔር ይመስገን። እናትሽስ?» ዝምታ። «ተመስገን። እኛም ደህና ነን። ዝናቡ ብቻ...» ጢጥ። ሳጥኑ ከግማሽ ደቂቃ በላይ አይቀዳም።

ቀጣዩ። «ትናንት ተቋረጠብን መሰለኝ። እንዴት አደርሽ? እናትሽስ? ወንድምሽ ከጅማ መጣ?» ዝምታ። «ጎሽ። ላሚቱስ ወለደች?» ጢጥ።

ባየ ሆዱን ይዞ መሬት ላይ ተቀመጠ። «ሰውዬ፣ ወደ ነገሩ ግባ!» እያለ በሳጥኑ ላይ ይጮኻል። ሣራ ፊቷን በላፕቶፑ ሸፈነች። ሌላም መልእክት ነበር፤ በእሱም ላይ ላሚቱ ተነሳች። ጌታሁን ላቡን በእጅጌው ጠረገ።

ለተብርሃን የሳቅ እንባዋን ጠርጋ ጣቷን ቀሰረች። «ደውለሃል፤ ውሸታም አይደለህም። ጥያቄው ግን የታለ?»

አንድ ቀርቶ ነበር። ተጫነችው።

«አግቢኝ። ሳይቆረጥ ልበል ብዬ ነው። ጌታሁን ነኝ።» ከዚያ ረጅም ዝምታ። ከዚያ ዝግ ባለ ድምፅ፣ «እሺ። ገባኝ።» ጢጥ።

ባየ ከተቀመጠበት ተነሳ።

«እንዲህ ነው እንዴ የሚጠየቀው?» አለች ለተብርሃን። «ሰላምታ እንኳ የለውም!»

ጌታሁን ጉሮሮውን ጠረገ። «እንዴት ዋልሽ ለተ?»

«ደህና።»

«እናትሽስ?»

«ደህና ናት። ላሚቱም ደህና ናት። ቀጥል እንጂ፤ ዛሬ የሚቆርጥህ የለም።»

በጥር ተጋቡ። አማን ይኖራሉ። የመጋዘኑ ሚዛን ገመድ ስላልተገኘለት ክብደቱ እስካሁን በእጅ ይጻፋል።