የቅሬያችን አባል ያልነበሩት ሟች

ክረምት ሲገባ የቅሬያችን፣ ሌላው አገር ዕድር የሚለው፣ ድንኳን ሽታው ይብሳል። ትናንት ከቀብር መልስ ዝናብ ያራሰውን ሸራ እኔ ዓሣ ከምጠብስበት ምድጃ አጠገብ አጥር ላይ አሰጡትና፣ ከሐይቁ የሚመጣው ነፋስ ያንን የእርጥብ ሸራ፣ የጭስና የብዙ ሰው ላብ ሽታ እያመጣ መጥበሻየ ላይ ያራግፍብኝ ጀመር። ልነጫነጭ አፌን ስከፍት አግዳሚው ላይ ዓሣ የሚጠብቁት ጎረምሶች ስልካቸው ላይ አጎንብሰው ሲጨቃጨቁ ሰማሁ፤ ለካ ከሥልጣን ከወረዱ የቆዩ አንድ መሪ ማረፋቸው ተሰምቷል። አንዱ እሰይ ይላል፣ አንዱ እሰይ ያለውን ይሰድባል፣ ሁሉም አንገቱን ቀና ሳያደርግ ነው የሚጣላው። በመጨረሻ አንዱ ወደኔ ዞሮ "እትየ፣ አንቺስ ትወጃቸው ነበር ትጠያቸው?" አለኝ። ዓሣው እንዳያርብኝ የተጨነቅሁ መስየ መጥበሻየ ላይ አጎነበስኩ። እውነቱን ለመናገር ግን ሐሳቤ እሳቸው ዘንድ አልነበረም፤ ልጅ ሳለሁ በሌላ መሪ ሞት አባቴ ለቅሶ የተቀመጠበት ሳምንት ውስጥ ገብቼ ነበር።

አባቴን አገሩ ሁሉ አያ ሰዒድ ይለዋል። በታንኳ ዓሣ የሚያጠምድ፣ ከሰላት በቀር ሌላ ቀጠሮ የሌለው፣ ቀልድ ነግረውት ቆይ እስቲ ድገመው የሚል ሰው ነበር። ያ መሪ በደጉ ዘመናቸው አንድ ጊዜ ወደ ከተማችን ወደ ሐይቅ መጡ። ከተማው በኖራ ተለቀለቀ፣ ውሻው ሁሉ ታሰረ፣ እኛም አስፋልቱ ዳር ተሰልፈን ስናጨበጭብ መዳፋችን ቀላ። ሰውየው ግን ከተዘጋጀላቸው መድረክ ወርደው ወደ ውሃው ዳር አቀኑና፣ ጠባቂዎቻቸው ግራ ተጋብተው ሲሯሯጡ፣ የአባቴ ታንኳ ላይ ካልወጣሁ አሉ። አባቴም አስቀምጦ ቀዘፋቸው። ስለ ዓሣው ጠየቁት፣ ስለ ዝናቡ ጠየቁት፣ ቀጥለው ልጆችህ ይማራሉ ወይ አሉት። ወንዱ ይማራል አላቸው። ሴቲቱስ ሲሉት መቅዘፊያውን ማየት ጀመረ። እሳቸውም "ስመለስ እጠይቅሃለሁ" ብለውት ወረዱ። በማግስቱ ጧት ፀጉሬን እንኳ ሳልሠራ እጄን ይዞ ወስዶ ትምህርት ቤት አስመዘገበኝ።

ከዚያ ወዲያ እኒያ ሰው እንደሚመለሱ ቤታችን ውስጥ የተጠራጠረ የለም። በሂሳብ የወደቅሁ ለታ አባቴ ራሱን ይዞ "አሁን ምን ብየ ልመልስላቸው ነው?" ይላል፤ እኔም ከመምህሩ አርጩሜ ይልቅ የሳቸውን መኪና እፈራ ጀመር። ከሥልጣን ወርደው፣ ካገር ወጥተው፣ ስማቸውን በአደባባይ ማንሣት የሚያስጠይቅበት ጊዜ መጥቶ እንኳ አባቴ ሰውየው ቃላቸውን አያጥፉም እንዳለ ነበር። እናቴ ይህ ሰው ለይቶለታል ትል ነበር።

ግድግዳ የምንጋራት ጎረቤታችን እትየ ዘሀራ ግን የኒያ ሰው ወሬ ሲነሣ ነጠላዋን ሰብስባ ትወጣለች። አንድ ልጇን ኡመርን በኒያው ሰው ዘመን፣ ለኒያው ሰው ጦርነት፣ ከገበያ መሐል በመኪና ጭነው ወስደውታል። ኡመር መረብ ሲጠግን አምባሰልን በአፉ የሚያፏጭ፣ እኔን ውሃ ላይ መንሳፈፍ ያስተማረኝ ልጅ ነበር። ሞተ ብሎ የነገራት የለም፣ አለ ብሎ የነገራትም የለም። መርዶ ላልመጣ ሰው ደግሞ አይለቀስም፣ ቢለቀስ ሟርት ነው፤ ስለዚህ እትየ ዘሀራ ያን ሁሉ ዓመት አንድ ቀን ድምፅዋን አውጥታ አላለቀሰችም። ሲከፋት ግቢዋን ትጠርጋለች። የተጠረገውን ትጠርገዋለች።

ታዲያ አንድ ከሰዓት በኋላ ሬዲዮው እግረ መንገዱን የኒያን ሰው መሞት ተናግሮ ወደ ዘፈኑ ሲያልፍ፣ አባቴ ሬዲዮውን ዘጋና መሬት ላይ ተቀመጠ። "ሳይጠይቁኝ ሞቱ" አለ። ከዚያ ተነሥቶ ወደ ቅሬው ዳኛ ሄደና ድንኳን አምጡልኝ አለ። የቅሬው ዳኛ ደንብ አዋቂ ናቸው፤ ሟቹ የቅሬያችን አባል እንዳልሆኑ፣ የሰፈራችን ሰው እንዳልሆኑ፣ ክርስቲያን መሆናቸውም እንዳይረሳ በትሕትና ገለጹለት፤ አዲሱን መንግሥት እንደፈሩ ብቻ አልነገሩትም። አባቴ ተመልሶ የእህል ማዳበሪያ ቀዶ ሰፋ፣ ደጃፋችን ላይ ዳስ ጣለ፣ ምንጣፍ ዘርግቶ ብቻውን ተቀመጠ። እናቴ ያስሩሃል፣ ልጆችህን በትነህ ትቀራለህ እያለች ብትለምነውም አልሰማትም። እኔ ግን ከእስሩ ይልቅ ያስጨነቀኝ ብቻውን መቀመጡ ነበር፤ ሰው ያልመጣበት ለቅሶ ከዚያ በፊት አይቼ አላውቅም።

የመጀመሪያው ቀን የሚያልፍ ሰው ሁሉ ማዶውን ይዞ አለፈ። በማግስቱ ነው የወሎ ሰው ብልሃት የተገለጠው። አንዷ ያክስትህ ሞት ጊዜ ግሸን ለንግሥ ወጥቼ ሳልደርስልህ ቀረሁ ብላ ገባች፤ አክስቱ ከሞተች ሣር በቅሎባታል። ከጎረቤቱ ሐይቅ ከአርዲቦ የመጣ ዓሣ አጥማጅ ጓደኛው ለሞተው በሬህ ነው የመጣሁት ብሎ ፊቱን አጨፍግጎ ተቀመጠ። ሌላው እንዲያው ከስንት ዘመን በፊት የሞተበትን ሰው እንደ አዲስ እየቀሰቀሰ፣ የመሪውን ስም ማንም ሳይጠራ፣ ዳሱ ሞላ። አባቴ ቀልድ የማያውቀው ሰውየ ሁሉንም በቁም ነገር አላህ ይስጥልኝ እያለ አስቀመጠ።

እትየ ዘሀራ ግን አልመጣችም። ከአጥሩ ወዲያ መጥረጊያዋ ሲንኮሻኮሽ ይሰማል፣ አባቴም በሰማው ቁጥር አንገቱን ይደፋል። እሷ ካልመጣች ለቅሶው ለቅሶ እንዳልሆነ ያውቃል፤ ትምጣ እንዳይል ደግሞ ምን አፍ ኖሮት።

በሦስተኛው ቀን መጥረጊያው ድምፁ ቆመ። እትየ ዘሀራ ባዶ እግሯን ገብታ አባቴ ፊት ቆመች። "አያ ሰዒድ፣ አንተ የሚጠይቅህ ሰው ነው የሞተብህ" አለችው። "እኔ የምጠይቀው ሰው ነው የሞተብኝ። ልጄን የት አደረስከው ሳልለው አልሞትም ብየ ነበር። እንግዲህ ላኪው ከሞተ ኡመርን ማን ይመልስልኛል?" ይህን ብላ ሻሿን ከራሷ ላይ ሳበችው፤ ያን ሁሉ ዘመን ስትጠርገው የኖረችው ለቅሶ ወጣ። ሴቶቹ አብሽሪ፣ አይዞሽ እያሉ ከበቧት። አባቴ ከሐዘንተኛው ምንጣፍ ተነሥቶ እሷን አስቀመጠበትና ራሱ ከለቀስተኛው ጋር ሄዶ ተቀመጠ።

እትየ ዘሀራ የቅሬው አባል ናት። ድንኳኑ ወዲያው መጣ፣ ከኋላው የቅሬው ዳኛ። ድንኳኑ ተተክሎ ሳያበቃ ደግሞ የቀበሌው ሊቀመንበር ጌታቸው ከአንድ ታጣቂ ጋር ደረሰና የማን ለቅሶ ነው ብሎ ጠየቀ። እናቴ እጄን ጨምድዳ ያዘችው። መልሱን የሰጡት እኒያው ደንብ አዋቂ ሽማግሌ ናቸው፤ የኡመር ነው አሉት። ጌታቸው ከኡመር ጋር አብሮ ሐይቅ ውስጥ ሲዋኝ ያደገ ነው። እስኪበቃው ቆመ፣ ዳሱንም አየው፣ አባቴንም አየው፣ ነገሩ እንዳልጠፋው ፊቱ ይናገራል። ከዚያ ባርኔጣውን አወለቀና አግዳሚው ጫፍ ላይ ተቀምጦ እንደ ልጅ አለቀሰ። አባቴም ይነፈርቃል። ለየትኛው እንደሆነ የጠየቀው የለም።

እኔ ተምሬ ጨረስኩ፣ ጅዳ ሄድኩ፣ ተመለስኩ፤ አባቴም እትየ ዘሀራም አፈር ከገቡ ቆዩ። ትወጃቸው ነበር ትጠያቸው ላለኝ ጎረምሳ መልስ ያጣሁት እንግዲህ በዚህ ነው፤ በኛ ሰፈር አንድ ሰው ለአንዱ ቤት ፊደል፣ ለጎረቤቱ ሐዘን አምጥቶ፣ ሁለቱም ቤት አንድ ድንኳን ሥር ሲያለቅሱለት አይቻለሁ፤ ይህንን ስልክ ላይ በምን እጽፈዋለሁ?

ትናንት ማታ ወደ ቤቴ ስመለስ መንገዴ በሰዓዳ በር ነበር። ሰዓዳ የአሁን ጎረቤቴ ናት፣ ልጇ ከዘመተበት ድምፁ ከጠፋ ሰነባብቷል፤ ትናንት መሞታቸው የተሰማውን ሰው ትርገማቸው ታልቅስላቸው አላውቅም፣ ጠይቄያት አላውቅማ። ውስጥ ቴሌቪዥን ይሰማል፣ መብራትም አለ። እጄን ወደ በሩ አነሣሁ። ከማን ወገን ሆነሽ ነው የመጣሽው ብትለኝስ ብየ ፈራሁ። ቆም አልኩና፣ እኔ የአያ ሰዒድ ልጅ፣ ሳላንኳኳ አልፌ ቤቴ ገባሁ።