ያልወለድኳቸው ሁለት ልጆች

ወደ ሳዑዲ ስመጣ ኤጀንሲው ፎርሜ ላይ «የሁለት ልጆች እናት» ብሎ ሞላልኝ። ማዳሞች የወለደች ሠራተኛ ይመርጣሉ ተባለ። እኔ እንኳን ልወልድ፣ ምጥ በየት በኩል እንደሚጀምር አላውቅም።

ኾባር ከተማ ያለችው ማዳሜ ደግሞ የመጀመሪያ ልጇን አርግዛ ጠበቀችኝ። «ያለ ማደንዘዣ መርፌ ነው የምወልደው። አንቺ ሁለቴ አይተሽዋል፤ አስተምሪኝ» አለች።

ምን ልበል? ውሸቴ ከታወቀ ወደ ኤጀንሲው መመለሴ ነው። ደረጃው ላይ አመላለስኳት፤ ሻማ እንደሚያጠፋ ሰው እፍ እፍ አስባልኳት። «ሕመሙስ እንዴት ነው?» ስትለኝ ፈጠን ብዬ፣ «ትንሽ ቁርጠት ነው ማዳም፣ ከዚያ ኸላስ!» አልኳት።

ቀኑ ደረሰና ሆስፒታል ገባን። እጄን ጨምድዳ ይዛ እፍ ትላለች፤ እኔም አብሬ እፍ እላለሁ። የመጨረሻው ጩኸቷ ጎረቤት ከተማ ዳህራን ድረስ ሳይሰማ አይቀርም። ግን እንዳለችው ያለ መርፌ ወለደች።

ሕፃኑን እንደታቀፈች በዓይኗ ጠራችኝ።

«ሰናይት፣ ወልደሽ አታውቂም አይደል?»

ክው አልኩ። «በምን አወቅሽ ማዳም?»

«ወልደሽ ብታውቂ ኖሮ መርፌውን ተወጊ ትይኝ ነበር።»