አረንጓዴዋ ክር

ረዲያን ጭሮ ከተማ ውስጥ የማያውቃት የለም፤ ያወቃትም አፏ እንደ መቀሷ ስለት እንዳለው አይጠፋውም። ሃያ ዓመት ሙሉ የስፌት መኪናዋን በነጋዴው በአብዱናስር ሱቅ በረንዳ ላይ ዘርግታ ኖራለች። ኪራይ አይጠይቃትም፤ ሥራዋን የበላባትም ግን እሱው ነበር። ከዱባይ የሚያስመጣው ቀሚስ እየረከሰ ሲሄድ ለእሷ የቀራት ጫፍ ማጠፍና ዚፕ መቀየር ሆነ።

አምና የዶላር ዋጋ ጣራ ነካ፣ ቀረጡም ተጨመረ ተባለና የአብዱናስር መደርደሪያ ባዶውን ቀረ። ሰውየው ጣቃ ጨርቅ ተሸክሞ በረንዳው ላይ ብቅ አለ።

"ረዲያ፣ እስቲ ሞክሪ።"

ትሞክር? ያደገችበት ሥራ እኮ ነው! ደስ ብሏት ሰፋች። እናቷ እንዳስተማረቻት "ቢስሚላህ" ብላ የመጀመሪያዋን ስፌት ሁልጊዜ በአረንጓዴ ክር ከቀሚሱ ብብት ውስጥ ትጥላለች፤ ማንም አያያትም።

አንድ ቀን መምህርት ሎሚ መጣች። "አዴ ረዲያ፣ ይሄን ከዚሁ ሱቅ የገዛሁትን የዱባይ ቀሚስ ያሳጥሩልኝ። የደመወዜን ግማሽ ነው የበላው፤ ግን ስፌቱን ይዩልኝ!"

ረዲያ ገለበጠችው። አረንጓዴዋ ክር ብብቱ ውስጥ ቁጭ ብላለች። ለእሷ የተከፈላት የዚያ አንድ አምስተኛ እንኳ አይሆንም። ደሟ ፈላ። ዝም ካለች በረንዳዋ አለ፤ ከተናገረች መኪናዋን ተሸክማ ወዴት ትሄዳለች? ያም ሆኖ "ስፌቱን ይዩልኝ" መባሉ አንጀቷን አራሰውና ሳቋ አመለጣት።

"አብዱናስር! ና እስቲ፣ የዱባይ ሰፊህ በረንዳህ ላይ ተቀምጣልሃለች!"

"ለካ የሰፉት እርስዎ ኖረዋል!" አለች ሎሚ፣ እጇን አፏ ላይ ጭና። ከሱቁ የወጣውን አብዱናስርን ላብ አጠመቀው።

"ለልጅቷ በትርፍ የከፈለችውን መልስላት" አለችው ረዲያ። "ከዛሬ ጀምሮ ደግሞ ትርፉን እኩል እንካፈላለን። እምቢ ካልክ ወላሂ መኪናዬን ይዤ መንገዱን ተሻግሬ እሰፋለሁ!"

"እኛ አስተማሪዎችም አብረን እንሻገራለን" አለች ሎሚ።

አብዱናስር ጢሙን አሻሸ። "ይሁን እሺ። ግን ያቺን ክር ተይልኝ፣ ሰው ያውቃል።"

"ቢስሚላህ ማለት ልተውልህ? አይደረግም!"

የሎሚን ቀሚስ በነጻ አሳጠረችላት። በማግስቱ አዲስ ቀሚስ ስትጀምር አረንጓዴዋን ክር ከብብት አውጥታ አንገቱ ላይ፣ ሰው ሁሉ በሚያያት ቦታ ሰፋቻት። አሁን የጭሮ ሴቶች ሱቁ ሲገቡ ስለ ዱባይ የሚያነሳ የለም።

"አረንጓዴ ክር ያለው አለ?" ይላሉ።

"ሞልቶ!" ይላል አብዱናስር።