«ስልኩን ፈልገው ነው»

አለቃችን ቅናተኛ ነው። አጠገቡ ባለው ወንበር ሃያ ዓመት ፀጉር ስቆርጥ ኖሬያለሁና ምስክሩ እኔ ነኝ። የእሱ ደንበኛ እኔ ጋ ጺሙን ከተስተካከለ ሁለት ቀን ያኮርፈኛል። ልጁ ከሞተ ወዲህ በጎረቤታችን በልብስ ሰፊዋ ላይ ካደረበት ቅናት ጋር ሲተያይ ግን ይሄ ጨዋታ ነው።

ልጆቻቸው ጓደኛሞች ነበሩ። አውቶቡስ ሲጠብቁ አንድ ላይ ተገደሉ። ሴትዮዋ ሐዘኗን ይዛ አደባባይ ወጣች፤ ሰውን በቋንቋው የተነሳ የሚያጠቃ የሚቀጣበት ሕግ ይውጣ ብላ ከቢሮ ቢሮ ተንከራተተች። በሬዲዮ ድምፅዋ በተሰማ ቁጥር አለቃችን ጥርሱን ይነክሳል። ደንበኞች «ምን ዓይነት እናት ናት!» ብለው ሲያደንቋት ደግሞ መቀሱ ይፈጥናል። ጎንና ጎኑን ሊያስተካክል የገባ አንድ ምስኪን መላጣ ሆኖ ወጥቷል።

«የእኔስ ልጅ ልጅ አይደለም? እሷ ብቻ ናት የወለደችው?» ይለኛል።

«ታዲያ ለምን አብረሃት አትናገርም?» ስለው ምላጭ ማጽዳት ይጀምራል።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ራሷ መጣች። መርፌዎቿ ደረቷ ላይ እንደተሰኩ ነበሩ።

«ጋሼ፣ ነገ ምክር ቤት እቀርባለሁ። እርስዎ ግን ስለ ገዳዮቹ ለፖሊስ ‹ስልኩን ፈልገው ነው› ብለዋል። የምክር ቤቱ ሰዎች ነገሩ ዘረፋ ነው ብለው አፌን ሊያስይዙኝ ነው።»

አለቃችን በመስታወቱ ውስጥ አያት።

«አንቺማ ምን አለብሽ፤ ደረትሽን ነፍተሽ ታወሪያለሽ።» መቀሱን አስቀመጠ። «እቀናብሻለሁ፣ እህቴ። አልዋሽሽም፣ እቀናብሻለሁ።»

በማግስቱ ሱቁን ዘግተን ምክር ቤት ሄድን፤ አለቃችንም ለመናገር ተመዘገበ። ተራው ሲደርስ ማይክራፎኑን በሁለት እጁ ያዘ። ወደ እሷ አላየም።

«ስልኩን አልፈለጉም» አለ። «ስልኩ ልጄ ደረት ላይ ነው የተገኘው። የደወልኩት እኔ ነኝ። ውጭ ስትሆን በቤታችን ቋንቋ እንዳታወራ ብዬ ያሳደግኩትም እኔው ነኝ። የዚያን ቀን ረሳሁና በእሱ ‹የት ነህ?› ብዬ ጠየቅኩት፤ ልጄ አክባሪ ነው፣ በእሱው መለሰልኝ። ሰሙት። ጥፋቱ ወደ እኔ እንዳይመጣ ነው የዋሸሁት።»

ከመድረኩ «ምን ብሎ መለሰ?» ተባለ።

አለቃችን ሃያ ዓመት ሙሉ ከአፉ ሰምቼው በማላውቀው ቋንቋ ጮክ ብሎ ተናገረ። ቀጥሎ ለእኛ ተረጎመልን።

«‹አባዬ፣ መጣሁ› ነው ያለኝ።»