በካፒቴኑ ፈገግታ የተሸፈነው ሰሌዳ

በሱባሊን ቀበሌ ሰው ቢወለድ፣ ቢመረቅ፣ ቢያገባ ወይም ቢሞት ከራሱ በላይ የካፒቴን ባልዶሜሮ ፊት ይሰቀላል። የቀበሌ ሊቀመንበርን ካፒቴን ብሎ የሚጠራ አገር ነው። ተማሪ ሲመረቅ ባነር ይወጣል፤ የተማሪው ስም ጥፍር ታህላለች፣ የካፒቴኑ ጥርስ የበር ስፋት አለው። ሰው ሲሞትም ባነር ይወጣል፤ ሟቹ ጥግ ላይ በቴምብር መጠን፣ ሐዘንተኛው ካፒቴን መሐል ላይ፣ ከነሳቁ። ያዘነ ፎቶ ለመነሣት ጊዜ ከየት ያምጣ? ሰፊውን ሕዝብ በማገልገል ተጠምዶ!

ክሬሰንሲያ ጋሪ መግፋት ከጀመረች አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ያለፉትን ሦስቱን በዚህ ሳቅ ሥር። ሰፈርተኛው ናንግ ክሬሲንግ ይላታል፤ ናንግ ማለት ታላቅ እህት ነው። ሥራዋ ቆራሌው ነው። ጠዋት የወተት ቆርቆሮ በማንኪያ እየመታች፣ «ጠርሙስ! ጋዜጣ! የተሰበረ ማራገቢያ!» እያለች በየበሩ ታልፋለች። ብረት በጥፍሯ አንኳኩታ፣ ናስ ይሁን ቀለም የተቀባ ቆርቆሮ ዓይኗን ሳትገልጥ ትለያለች። ሌሎች ሽቦ አቃጥለው መዳብ ሲያወጡ እሷ በቢላ ትልጣለች፤ ጭሱ የጎረቤት ልጅ ያስላል ብላ። የተረፈውን ተራ ሽቦ ደግሞ በጉልበቷ ላይ አቃንታ፣ በውፍረት ለይታ ትጠቀልለዋለች። አጥር የፈረሰበትም፣ ዶሮው ያመለጠበትም ሽቦ የሚለምነው ከእሷ ነው። ክሬሲንግ ሽቦ ነፍጋ አታውቅም።

ጉልበቷ ግን መንፈግ ጀምሯል። ስለዚህ አንድ ነገር ፈለገች፦ ጋሪ የማትገፋበት፣ ሌሎች ጋሪ ገፊዎች ወደ እሷ የሚመጡበት የራሷ ግቢ። ቦታውም ተገኘ። ከአሮጌው የሩዝ ወፍጮ ጀርባ፣ ግማሽ ጣሪያ ያለው የቲያ ሎርዲንግ መሬት። አሮጊቷ ቃላቸው ቁርጥ ያለ ነው።

«ኢንዳይ፣ ላንቺ ብሰጥ ደስ ይለኛል» አሏት፤ ኢንዳይ እያሉ ነው ከእሳቸው የምታንስን ሴት ሁሉ የሚጠሩት። «የባለመሬት ደብዳቤውንም ይኸው ጽፌልሻለሁ። ግን ቀበሌው ‹እዚያ ቦታ ይፈቀዳል› ያለበትን ወረቀት አምጪልኝ። ያለፈው ተከራይ ሳይጠይቅ ከፍቶ፣ በሬ ላይ የእሽግ ወረቀት ሦስት ወር ተንጠልጥሎ ከረመ። እስከ ሳን ኢሲድሮ በዓል ዋዜማ፣ እስከ ቀትር እጠብቅሻለሁ። ከዚያ ለመኪና አጣቢዎቹ ነው።»

ሁለት ሳምንት ነበራት። ደብዳቤውን በላስቲክ ጠቅልላ ኮፍያዋ ውስጥ ከተተችና ወደ ቀበሌ ሄደች። ጸሐፊው ሮዴል ስልኩ ላይ አጎንብሷል።

«ቶቶ» አለችው፤ ታናሽ ወንድምን እንደሚጠሩ። «አንድ ጥያቄ ብቻ። በወፍጮው መንገድ የውዳቂ መግዣ መክፈት ይፈቀዳል ወይ? ከተፈቀደስ ምን ይዤ ልምጣ?»

«ይህ የማዘጋጃ ቤት ጉዳይ ነው ናንግ።»

ማዘጋጃ ቤት ሁለት ጂፕኒ ተሳፍራ ደረሰች። በሦስተኛው መስኮት ያለችው ሴትዮ ፓንዴሳል ዳቦዋን እያላመጠች፣ «ከቀበሌሽ ማረጋገጫ አምጪ» አለቻት።

«የላከኝ እኮ ቀበሌው ነው።»

«እንግዲያው ተሳስቶ ነው።»

«እሺ፣ ማረጋገጫው ምን እንደሚጠይቅ ንገሪኝ።»

«እንዲህ ያለው በቃል አይነገርም። ቀበሌያችሁ በር ላይ በሰሌዳ ተለጥፏል። ሕግ ነው፤ ግዴታ ነው። ማንበብ ነው እንጂ!»

ተመለሰች። የቀበሌውን በር ከላይ እስከ ታች አየች። ካፒቴኑ ሳቀላት። ሌላ የሚነበብ ነገር የለም።

«ቶቶ፣ ሰሌዳው የታለ?»

«የምን ሰሌዳ? ኧረ ናንግ፣ እንዲህ ከምትንከራተቺ ካፕን ለምኚው። ልቡ ሩኅሩኅ ነው።»

«የምለምነው የለኝም። የምጠይቀው ነው ያለኝ።»

«ያው ነው» አለ ሮዴል።

ያው ነው! የዚህች ቀበሌ ሕገ መንግሥት በሁለት ቃል። መብቱን ያወቀ ሰው አይለምንም፤ ያልለመነ አያመሰግንም፤ ያላመሰገነ በምርጫ ቀን እጅ አይስምም። ስለዚህ እውቀት እንደ ወርቅ ተቆልፎበት፣ ምጽዋት እንደ ውሃ ይረጫል። ተንኮል እንኳ አይደለም፤ ተንኮል አእምሮ ይጠይቃል። ልማድ ነው።

ክሬሲንግ ካፒቴኑን አራት ቀን ጠብቃ በአምስተኛው አገኘችው። ተነሥቶ አቀፋት። «የቀበሌያችን የንጽሕና እናት!» አለ። እሷም ጥያቄዋን እንደ ውዳሴ ማርያም በቃሏ አወረደችው፦ ይፈቀዳል ወይ? ምን ይዤ ልምጣ? ካፒቴኑ ዓይኑን ጨፍኖ አዳመጣት፤ እንዲህ ያለ ማዳመጥ በቤተ ክርስቲያንም አይታይ። ሲያበቃ እጁን ወደ ኋላው ሰዶ አንዲት ከረጢት አወጣ። ሩዝ። ከረጢቱ ላይ ራሱ ይስቃል። ሮዴል ፎቶ አነሣ።

«ይሄ ምንድን ነው ካፕ?»

«የልብሽን ሰምቼ ነው ናንግ። በርቺ!»

ጥያቄ ይዛ ገብታ ሩዝ ይዛ ወጣች። መንገድ ላይ ጥርሷን ነክሳ፣ ከረጢቱን ለመንደር ውሻ ልትሰጠው አሰበች፤ ውሻው ግን ምን በደለ?

የበዓሉ ዋዜማ ደረሰ። ከቀበሌው በር ፊት፣ አደባባዩ ላይ የበዓሉ ባንድ ከበሮ ይለማመዳል፤ ድምፅ ማጉያ ይጎተታል፤ ጎረቤቷ ሶሊንግ ቢቢንግካ የሚባለውን የሩዝ ቂጣዋን በከሰል ትጋግራለች። ክሬሲንግ ቀትር ላይ ቁርጧን ልትሰማ ጋሪዋን እየገፋች በዚያ ስታልፍ ሮዴል ጠራት።

«ናንግ! ያቺን ጥሩ ሽቦሽን! አዲሱን ባነር ልንሰቅል ነው፤ ውጪልን እስቲ፣ ቋጠሮ እንዳንቺ የሚያውቅ የለም።»

አሥራ ዘጠኝ ዓመት ያልነፈገ እጅ በአንድ ጠዋት አይነፍግም። ወጣች። አሮጌውን ባነር ለመፍታት ቋጠሮውን ስትይዝ ግን ጣቷ ቆመ። ሁለቴ ተጠምዝዞ ጫፉ ወደ ውስጥ የታጠፈ፣ ልብስ እንዳይቀድ። እንዲህ የሚቋጥር ሰው በሱባሊን አንድ ብቻ ነው። ከሦስት ዓመት በፊት፣ ካፒቴኑ ከተሾመበት የመጀመሪያው በዓል ጀምሮ፣ ለየባነሩ መሰላሉ ላይ የወጣችው ራሷ ነበረች።

ፈታችው። ከሥሩ ሌላ ካፒቴን። የገና ነው። ፈታችው። የምርቃት። የሐዘን። የፍቅረኞች ቀን ካፒቴን፣ አበባ ይዞ። ስድስተኛው ሲወርድ ከኋላው እንጨት ብቅ አለ፤ ሰማያዊ ሰሌዳ፣ ነጭ ፊደል፣ ዝናብ ያልነካው። ካፒቴኑ በፊቱ ሸፍኖ ጠብቆታላ!

የመጀመሪያውን ስታስር ከጀርባው ያለውን አላነበበችም። ማን ያነባል? ሲጠሩት የሚወጣ፣ የሰጡትን የሚያስር ሰው ነው የአገሩ ጨዋ።

«በገዛ ሽቦዬ!» አለች።

«ምን አልሽ ናንግ?» አለች ሶሊንግ ከታች።

«በገዛ ሽቦዬ ነው የታነቅሁት!» ከዚያም ቆርቆሮ ስትመታ በሚወጣት ድምፅ፣ ከበሮውን በሚያስቆም ድምፅ ማንበብ ጀመረች። «ቁጥር አሥራ አንድ! የውዳቂ ዕቃ መግዣ! የሚፈቀድበት ቦታ፦ የወፍጮ መንገድ፣ በወንዙ በኩል!»

«የቲያ ሎርዲንግ ደጅ እኮ ነው!» አለ አንድ ከበሮ መቺ።

«የሚያስፈልግ፦ መታወቂያ! የባለመሬቱ ደብዳቤ! የአንድ ጎረቤት ፊርማ! የሚፈጀው ጊዜ…» እዚህ ላይ ድምፅዋ ተሰነጠቀ። «አሥራ አምስት ደቂቃ!»

አደባባዩ በሳቅ ፈነዳ። እሷ አልሳቀችም። ወረደች፤ ሶሊንግ በከሰል እጇ ፈረመችላት፤ ከኮፍያዋ ደብዳቤውንና መታወቂያዋን መዘዘችና ሦስቱን ከሮዴል ጠረጴዛ ላይ ዘረጋች።

«ካፕ ሳያውቅ አልችልም ናንግ።»

«ካፕ የት ላይ ተጽፏል? ና ውጣና አሳየኝ። መሰላሉ እዚያው ነው።»

«በኋላ…»

«አራት ሰዓት ተኩል ሆኗል። ቁጠር።»

በር ላይ የተሰበሰበው ሰው ቆጠረለት። በየደቂቃው አንድ የከበሮ ምት። በስድስተኛው ላይ ካፒቴኑ ራሱ መጣ፤ ራሱን መሬት ላይ ስድስት ጊዜ ተደራርቦ ሲስቅ አየ፤ አልሳቀም።

«ናንግ ክሬሲንግ» አለ በቅሬታ፣ «እንዲህ ከምታሳፍሪኝ ለምን ለእኔ አልነገርሽኝም?»

«ነግሬዎት ነበር ካፕ። ሩዝ ሰጡኝ።»

ማኅተሙ በአሥራ አንደኛው ደቂቃ አረፈ።

ቀትር ሳይደርስ ክሬሲንግ ከቲያ ሎርዲንግ ደጅ ደረሰች። አሮጊቷ ወረቀቱን በመነጽር አንብበው ቁልፉን ሰጧትና፣ «ይኸው ቀላል ነበር፤ እስከ ዛሬ ምን አስቀመጠሽ?» አሏት። ክሬሲንግ ቁልፉን ጨብጣ ሄደች። ከወፍጮው ጀርባ ገብታ ባዶ ጆንያ ላይ ተቀመጠች። ደስ ሊላት ይገባ ነበር። እሷ ግን ሰሌዳው በተሸፈነበት ሦስት ዓመት ያለፈችባቸውን አቀበቶች፣ ጉልበቷ ያበጠባቸውን ክረምቶች ታስባለች። አሥራ አንድ ደቂቃ! ፊቷን በኮፍያዋ ሸፍና በንዴት አለቀሰች።

ስድስቱን ካፒቴኖች ይዛቸው መጥታ ነበር። ባነር ግን የሚገዛ የለም፤ ቢያቀልጡት አይሆን፣ ቢፈጩት አይሆን። በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ለቆራሌው እንኳ የማይረባ ዕቃ ያየችው ይህን ብቻ ነው። የሰበሰበችውን ካርቶን ዝናብ እንዳይመታው ባነሮቹን አለበሰችው፤ የካፒቴኑን ፊት ወደ ታች አድርጋ።

በወሩ ሮዴል አዲሷን ግቢ ፈልጎ መጣ። በክንዱ አዲስ ባነር ታቅፏል፤ የዝናብ ወቅት መልካም ምኞት ነው።

«ናንግ፣ እንኳን ደስ አለሽ! ትንሽ ሽቦ…»

ክሬሲንግ ሚዛኗ አጠገብ ተቀምጣ ነበር። ከኋላዋ፣ ከጣሪያው እስከ መሬት፣ በውፍረት ተለይቶ የተጠቀለለ ሽቦ ተቆልሏል።

ዞር ብላ ቁልሉን አየችው። ከዚያ ሮዴልን አየችው።

«ሽቦ የለኝም» አለች።