ሳይከፈት የተመረቀው መስመር

የማዳም ሥራ ኢንተርኔት ላልደረሳቸው ድሆች ኢንተርኔት ማድረስ ነው። እኔ ከአገሬ ወጥቼ ቤቷ አድሬ የምሠራ ሠራተኛዋ ነኝ። እንግዶቿ እራት ላይ ስለ «ያልደረሳቸው» ሲያወሩ ሳህን እያነሳሁ እሰማለሁ፤ ፈረንሳይኛውንም የለመድኩት እንደዚያ ነው። አንድ ቀን የቤቱን የዋይፋይ ፓስወርድ ብጠይቃት፣ «የኔ ውድ፣ የመሥሪያ ቤት መስመር ነው፤ ለሌላ ሰው መስጠት አልችልም» አለችኝ። በትሕትና ነው ያለችው። ሁለተኛ አልጠየቅኳትም።

የጠየቅኳት ለእናቴ ብዬ ነበር። የዓይን ግፊት ይዟት፣ የሄደው ብርሃን እንደማይመለስ፣ የቀረውም እየሄደ እንደሆነ ሐኪሙ ነግሯታል። ድምፄን አልፎ አልፎ ትሰማለች። የምትሻው መልኬን ነው። «ዓይኔ ሳይጠፋ አንድ ጊዜ ልይሽ፤ ከዚያ በኋላ እግዜር እንዳለው» ትለኛለች። እኔ የምገዛው ዳታ ለድምፅ ይበቃል፤ ለምስል ሲሆን ገና ሳይጀምር ያልቃል።

ማዳም ካርቲየ 7 ቢስ በሚባለው የድሆች ሰፈር ውስጥ ነፃ ዋይፋይ ልታስመርቅ ሆነ። «አንቺም ነይ፤ ሳምቡሳውን ታዞሪያለሽ፣ ከዚያ እናትሽን ታያለሽ» አለችኝ። እጇን ለመሳም ትንሽ ነው የቀረኝ።

ታናሽ ወንድሜ እናታችንን ኔትወርክ ወዳለበት የወረዳ ከተማ እንዲያመጣት ደወልኩለት።

«እትዬ፣ እርግጠኛ ነሽ? ቁልቁለቱን በበቅሎ ነው የማወርዳት። በከንቱ እንዳላደክማት።»

«ማዳም ራሷ ናት ያለችኝ» አልኩት።

ቀኑ ዓርብ ነበር። ጾም ስለሆነ የሥጋውን ሳምቡሳ አዞራለሁ እንጂ አልቀምስም። ሪባኑን የሚቆርጠው ባለሥልጣን ዘግይቶ መጣ፤ ንግግሩ በፈረንሳይኛ አልቆ በሶማሊኛ ተጀመረ። ወንድሜ ደወለ፦ «ደርሰናል። ነጠላዋን አጥባ ለብሳለች።» እናቴ የመጣችው ለማየት ነበር፤ ግን እንደሚያዩዋት ሰው ተዘጋጅታ ነው የመጣችው።

ሰፈሩ ውስጥ ልብስ እያጠበች የምትኖር ያገሬ ልጅ ጎኔ ቆማ ነበር። «አንቺ፣ ይሄ ሁሉ ሕዝብ የመጣው ለኢንተርኔቱ ነው ለሳምቡሳው?» አለችና ወደ ጆሮዬ ተጠጋች። «ጫት ሳይገባ ካልከፈቱት፣ ዛሬ አይከፈትም በይው።»

«አታሟርቺ!» አልኳት።

ሪባኑ ተቆረጠ፤ ተጨበጨበ። ማዳም በእጄ ጎትታ ዋይፋዩ የተሰቀለበት ምሰሶ ሥር አስቀመጠችኝና ስልኬን አስያዘችኝ። «እናትሽን እያየሽ እንደሆነ አድርገሽ ሳቂ። መስመሩ አሁን ይከፈታል፤ ፎቶ አንሺው ግን ይቸኩላል።» ስልኩ ጥቁር ነበር። ጥቁሩ መስታወት ውስጥ የሚታየኝ የገዛ ፊቴ ነው። ሳቅኩ። ሠራተኛ ነኝ፤ ሳቂ ስባል እስቃለሁ።

ወዲያው የጫት መኪኖቹ ጥሩምባ ተሰማ። ሰዉ ጫቱን ሊገዛ እንደ ጉም በነነ። መስመሩን የሚከፍተው ባለሙያ ዕቃውን ቦርሳው ውስጥ ከትቶ፣ «ነገ፣ ኢንሻላህ» ብሎኝ ሄደ። ጫቱ ከእኔ አገር ነው የሚመጣው። በየቀኑ፣ ጋራውንም በረሃውንም ጥሶ፣ ሳይዘገይ ይገባል። የእናቴ ፊት ግን መግቢያ አጣ።

እናቴን ወደ መንደሯ የሚመልሳት የመጨረሻው መኪና ሊነሳ ሲል ወንድሜ ስልኩን ሰጣት። «ምንም አይደል ልጄ፤ ሌላ ቀን» አለችኝ። መርቃኝም ዘጋች።

መስመሩ በኋላ ተከፈተ። ለመግባት ግን በነዋሪነት ወረቀት የተመዘገበ ስልክ ያስፈልጋል፤ እኔ ወረቀት የለኝም። ለማዳም ነገርኳት። «ሕጉ ነው» አለችኝ፤ በትሕትና። ከዚያ ክረምት ገባ፣ እናቴ የምትወርድበት መንገድም ተቆረጠ። ክረምቱ ሲያበቃ የእናቴ የዓይን ብርሃንም አብሮ አብቅቶ ነበር።

ፎቶዬ በትልቁ ታትሞ ማዳም መሥሪያ ቤት ተሰቅሏል። ከሥሩ በፈረንሳይኛ «ልጅ እናቷን አየች» ይላል። በሐሰት አትመስክር የሚለውን ትእዛዝ የእኔ ፊት ሽሮ እዚያ ግድግዳ ላይ ይስቃል። ለእኔም ትንሹን ቅጂ በስጦታ ሰጠችኝ። ቀድጄ ልጥለው አልኩና እናቴ የለመነችኝ መልክ ይኸው ነው ብዬ አሳዘነኝ። ወደ አገር ለሚመለስ የከባድ መኪና ሹፌር ሰጠሁት።

«ለእናቴ ነው፤ ወንድሜ መንገድ ላይ ይቀበልሃል» አልኩት።

«መቼም ስታይሽ ደስ ይላታል፣ እህቴ።»

«አታይም። በእጇ ትዳስሰው።»

ሹፌሩ ፎቶውን እንደ ጽላት በሁለት እጁ ተቀበለኝ።

ሰንብቶ የእናቴ የድምፅ መልእክት ደረሰኝ።

«ልጄ፣ ፎቶሽን ጎረቤት ሁሉ አየልኝ። ስቃለች አሉኝ፤ ተመስገን። ስልክ ይዛለችም አሉኝ። እንዲያ ያሳቀሽ ማነው? ከማን ጋር እያወራሽ ነው?»

ካንቺ ጋር ብላት ውሸት ነው። ከማንም ጋር አይደለም ብላት ደግሞ፣ ያን ቀን ነጠላዋን አጥባ፣ ቁልቁለቱን በበቅሎ ወርዳ ስትጠብቀኝ ለማን ነው የሳቅሽው ብትለኝ ምን እላታለሁ?